ወደ ግራ የሚዘጋው ቫልቭ

ሠፈሩ የሚጠራቸው "አንድም ቀን" እያለ ነው። ሠላሳ ዓመት የውሃ ቧንቧ ሲዘረጉና ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ የሥራ ነገር ከተነሣ "አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም" ሳይሉ አያልፉም። ልጆቻቸው እንኳ ሰልችቷቸዋል። ባለቤታቸው ብቻ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ያዳምጣሉ።

ከዚያ ረብሻው መጣ። የላይኛውና የታችኛው ሠፈር ወጣቶች ተጣሉና መኪና እንዳያልፍ መሐል መንገዱን ቆፈሩት። ሲቆፍሩ ዋናውን የውሃ ቧንቧ ሰበሩ፤ አጠገቡ ያለውን የፍሳሽ መስመርም አብረው ናዱት። ግፊቱ በቀነሰ ቁጥር እዳሪው ቧንቧው ውስጥ እየገባ ቁልቁል ወረደ፣ የታችኛው ሠፈርም ጠጣው። ሌላ ውሃ የለም፣ ማፍያ ከሰልም የለም። ጥይት የገደለው ሁለት ሰው ነበር፤ ኮሌራ በአሥራ ሁለት ቀን አሥራ አራት ሰው ወሰደ። ጠዋት ልብስ ሰፊው ቤት ሱሪ ሲያሳጥር የታየ ሰው በማግስቱ ተቀበረ።

የታችኛው ሠፈር ትምህርት ቤት ሕክምና ሆነ። አግዳሚ ወንበሮች እየተገጠሙ አልጋ ሆኑ፣ የግሉኮሱ ከረጢት በጥቁር ሰሌዳው ሚስማር ላይ ተሰቀለ። ያለችው አንዲት ነርስ ናት። በአሥራ ሦስተኛው ቀን የአንድም ቀን ባለቤትም ታመው እዚያው ተኙ። ነርሷም ለአንድም ቀን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው፦ ግሉኮሱ ለሁለት ቀን ቢበቃ ነው፤ ውሃው ካልተስተካከለ ማንም አይተርፍም።

በዚያው ረፋድ ከላይኛው ሠፈር ወሬ ደረሰ። እዚያ ያሉት ወጣቶች ሬሳ ሲወጣ እያዩ ልባቸው ራርቶ ቧንቧውን ሊጠግኑ ተነሥተው ነበር። መጀመሪያ ውሃውን ለማቆም የዋናውን መዝጊያ፣ የቫልቩን ጉድጓድ ከፍተው እጀታውን ወደ ቀኝ ቢሉት አልዞር አለ። ተዘግቷል ማለት ነው፣ ውሃው የማይቆመው ውስጡ ተበልቶ ነው ብለው ተዉት።

አንድም ቀን ግን እውነቱን ያውቃሉ። ያ ቫልቭ አልተበላም። ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ግራ የሚዘጋ ነው። በወጣትነታቸው የሚዘጋበትን አቅጣጫ ሳያዩ ገጠሙት፣ ሲደርሱበት ደግሞ አፍረው ዝም አሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ያንን ጉድጓድ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀዱም፤ ሰው ትጋት መስሎት ያመሰግናቸው ነበር።

አንድ ሰዓት ሙሉ የትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። በዚያች ሰዓት ከባለቤታቸው ጎን የተኛችው ሴት አረፈች። ነርሷ ማንም አያድናትም ነበር ብትላቸውም እስከ ዛሬ ጥፋቱን ከራሳቸው አያወርዱም። ገብተው ባለቤታቸው እግር ሥር ቆሙ።

"ወደ ግራ ነው አይደል?" አሉ ወሬው የደረሳቸው ባለቤታቸው በሰለለ ድምፅ።

"ማን ነገረሽ?"

"በእንቅልፍህ ስንት ዓመት ስትለፈልፈው። በል ሂድና ንገራቸው።"

መፍቻቸውን አንሥተው ወጡ። ቁፋሮው ጋ ሲደርሱ በዚህም በዚያም ድንጋይ የጨበጠ ወጣት ቆሟል። ወደ ላይኛው ዳር ተሻገሩ፤ ቫልቩ ወደ ግራ እንደሚዘጋም ተናገሩ። አንዱ ጎረምሳ ማን እንዲህ አድርጎ እንደገጠመው ጠየቃቸው።

"እኔ ነኝ ልጄ። ተሳስቼ ነው። ሠላሳ ዓመት ደበቅኩት።"

የታችኛው ሠፈር ሰው ጆሮውን ማመን አቃተው። ጎረምሳው ግን ድንጋዩን ጥሎ ክንዳቸውን ደገፈና ወደ ጉድጓዱ ወሰዳቸው። አብረው ወደ ግራ አዞሩት። በሁለተኛው ዙር ድምፁ ቀነሰ፣ በአሥረኛው ደግሞ ቁፋሮው ውስጥ ይንፎለፎል የነበረው ውሃ ቀጥ አለ። እልልታው ከሁለቱም ዳር ቀለጠ። ትናንት የተፈነካከቱ ልጆች ጭቃውን በባልዲ እየተቀባበሉ ቀዱ፤ አንድም ቀንም እስከ ወገባቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ወጣቶቹ ያዘጋጁትን አዲስ ቧንቧ ገጠሙ። ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም፤ ከዕድሜያቸው ሃያ ዓመት የቀነሰላቸው መሰላቸው። የፍሳሹ መስመርም ተደፈነ፣ ዋናው ቧንቧ ሁለት ቀን በክሎሪን ታጠበ።

የላይኛው ሠፈር ፋርማሲ ግሉኮስ በጋሪ ላከ። ከስድስት ቀን በኋላ አዲስ በሽተኛ አልመጣም፤ በዘጠነኛው ቀን ባለቤታቸው ማንም ሳይደግፋቸው በእግራቸው ወጡ። አንድም ቀን መንገድ መሐል ቆመው ሰው አየኝ ሳይሉ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። የመጨረሻው በሽተኛ ድኖ ሲወጣ ነርሷ ክፍሉን አጥባ ቁልፉን ለርእሰ መምህሩ አስረከበች፤ ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ገብተው አግዳሚዎቹ ላይ ተቀመጡ።