እትዬ ትርሓስ መርከብ ሲመርጡ

እትዬ ትርሓስ ገብረሕይወትና እኔ አንዲት ጠባብ ክፍል እንጋራለን። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው መንገድ፣ ካልፈረሱት ጥቂት ፎቆች በአንዱ ምድር ቤት ነው ያለነው። እኔ ሉልሰገድ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ በኢንተርኔት ቅጽ እሞላለሁ። እሳቸው ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ ድሮ በታይፕ፣ አሁን በኮምፒውተር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት፣ የሰው ጡረታ፣ የሰው ፍቺ በእሳቸው ጣት አልፏል። የድሮ ሰፈራችን ሲፈርስ ሁላችንም ወደ ኮንዶሚኒየም ወጣን፤ እሳቸው ግን ዛሬም በየጠዋቱ ሁለት ታክሲ ይዘው እዚሁ ይመጣሉ። እዚያው ሰፈርዎ አንድ ክፍል ይከራዩና ይሥሩ፣ አራዳን ይተዉት ብሎ የመከራቸው ሰው ሁለተኛ አልመከረም።

ሰውን ማመስገን ብቻ አልወድም፣ ስለዚህ ክፉ ጎናቸውንም ልናገር። ግትር ናቸው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ያለቦታዋ ከገባች ሙሉውን ገጽ እንደገና ያሳትሙኛል። ደንበኛ "ዝም ብለሽ ጻፊው" ካላቸው ከወንበሩ ያስነሱታል። በዚህ ጠባያቸው ያጣነውን ገበያ እኔ ነኝ የማውቀው።

ባለፈው ዓመት ልጃቸው ክብረት ከዱባይ ደወለ። እዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አልመጣም። የአንድ ሳምንት ፈቃድ አግኝቷል። ሁላችሁም ኑና ከዚህ በሚነሳ የሽርሽር መርከብ አራት ቀን አብረን ባሕር ላይ እንሰንብት አለ። ወጪው የእሱ፣ ምርጫው የእናቱ። እትዬ ትርሓስ ባሕር አይተው አያውቁም፤ ባላቸው አቶ አርአያ አጽብሐም ቢሆኑ ካዩት ውሃ ሁሉ ትልቁ የቢሾፍቱ ሐይቅ ነው። ከባሕሩ ይልቅ ግን ልጃቸውን ማየት ነበር የጓጉት፤ ይህን አልደበቁም።

ሌላ ሰው ቢሆን ሥዕሉን አይቶ ይመርጣል። እሳቸው ሦስት ክላሰር ገዙና በእያንዳንዱ ላይ የአንድ የመርከብ ድርጅት ስም ጻፉ፦ ነጭ ዕንቁ፣ ሰማያዊ መልሕቅ፣ ሐምራ። እኔ ከኮምፒውተሩ እያነበብኩ እተረጉማለሁ፣ እሳቸው ይመዘግባሉ። ነጭ ዕንቁ አሥራ አራት ፎቅ፣ ሦስት የመዋኛ ገንዳ፣ ሲኒማም አለው አልኳቸው። ባሕር ላይ ተቀምጦ ገንዳ ምን ያደርጋል ብለው አልጻፉትም። የእሳቸው ጥያቄ ሁለት ብቻ ነበር፦ ላሳደጓት ልጅ ለካሚላ ሐላል ሥጋ አለ ወይ? ዓርብ ዕለት ለእኛ የጾም ምግብ አለ ወይ? ሰማያዊ መልሕቅ ለጾመኛ ሰላጣ እናቀርባለን ብሎ መለሰ። ሰላጣ ብቻ የሚበላ ፍየል ነው አሉና ክላሰሩን ዘጉት። ነጭ ዕንቁ ሁሉም አለኝ አለ። በዚያ ላይ አራት አልጋ ያለው፣ በረንዳው በባሕሩ ላይ የሚከፈት የቤተሰብ ክፍል ነበረው። ክብረት ከሥዕሉ ፍቅር ያዘው።

ካሚላ ረሻድ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። አባቷ አትክልት ተራ ሽንኩርት ይነግድ ነበር፤ ከእነ እትዬ ትርሓስ ጋር በአንድ ግቢ ግድግዳ ለግድግዳ ነበር የሚኖሩት። እናቷ ኢህሳን ስትሞት ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነበር። በዓመቱ ረሻድም ታመመና ወሎ ወዳሉት ዘመዶቹ ሲሄድ፣ ልጄን አደራ ብሎ ሄደ። በዚያው ቀረ። እትዬ ትርሓስ ድስቷን ለብቻ አድርገው፣ ሥጋዋን ከሙስሊም ሥጋ ቤት እየገዙ፣ ቁርኣን ቤት እጇን ይዘው እያደረሱ አሳደጓት። የጉዲፈቻ ወረቀት ግን አላወጡም። ለአገሩ ሁሉ ወረቀት የሚጽፉ ሴት ለገዛ ልጃቸው አንድ መስመር አልጻፉም። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠየቅኳቸው። አባቷ አደራ ያለኝ ልጁን ነው፣ ስሙን እንድነካበት አይደለም አሉኝ። ጉዲፈቻ የአባትን ስም የግድ እንደማያስቀይር ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ቢሆንም ልባቸው እሺ አላለም።

የነጭ ዕንቁን ቅጽ የሞላሁት እኔ ነኝ። "የቤተሰብ ስም" በሚለው ሳጥን ውስጥ፣ እንደ አገራችን ወግ፣ የየአባቶቻቸውን ስም ከተትኩ። ገብረሕይወት፣ አጽብሐ፣ አርአያ፣ ረሻድ። አራት ሰው፣ አራት ስም። በማግሥቱ መልስ መጣ። ክፍሉ ለቤተሰብ ብቻ ነው፣ እናንተ ግን ቤተሰብ አትመስሉም ይላል፣ በጨዋ ቋንቋ። ሠላሳ ሦስት ዓመት በትዳር የኖሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ደሜ ፈላ፤ እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። የጋብቻ ወረቀታቸውንና የክብረትን የልደት ወረቀት አስተርጉመው፣ ማኅተም አስመትተው ላኩ። ድርጅቱ ሦስቱን ተቀበለ። ካሚላ ቀረች።

ከድርጅቱ አንዲት ሴት በስልክ አነጋገረችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ልትረዳን ነበር የፈለገችው። ሁለት መንገድ አለ አለች። አንደኛው፣ ልጅቷ አርአያ በሚል ስም ፓስፖርት ታውጣ። ሁለተኛው ከዚያ ይቀላል። ቅጹ ላይ የቤት ሠራተኛ የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ ከተመዘገበች እዚያው ክፍል ታድራለች፣ ሒሳቡም ይቀንሳል። ብዙ ቤተሰቦች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ የሚያስፈልገው የአሠሪዋ አንድ ፊርማ ነው አለች። ይህን ለእትዬ ትርሓስ መተርጎም አፈርኩ፤ ግን ተረጎምኩ።

በዚያው ከሰዓት ክብረት በስልክ፣ ካሚላ በአካል፣ ሁላችንም እዚያች ክፍል ውስጥ ነበርን። ክብረት እናቱን ፈርሚ አላቸው። ማንም አያየውም፣ ወረቀት ብቻ ነው አለ። ካሚላም፣ ሠራተኛ መሆኑ ካልቀረ ደመወዜን አሁኑኑ እንነጋገር ብላ ቀለደች። ቀልዷ አላሳቀንም፤ ፊቷ ቀልቶ ነበር። እትዬ ትርሓስ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ።

"ወረቀት ብቻ ነው ትለኛለህ? ሃያ ዓመት ከኖረበት ቤት 'ጥገኛ' በምትል አንዲት ቃል የወጣ ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ አልቅሷል። ቃሏን የጻፈው ሰውም ወረቀት ብቻ ነው ብሎ ነው የጻፋት። እኔ ልጄን ሠራተኛ ብዬ አልፈርምም። መርከቡ ባፍንጫዬ ይውጣ።"

ክብረት ስድስት ዓመት ጠብቄ ለዚህ ነው ወይ አለና ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ዐሥር ቀን አልደወለም። እትዬ ትርሓስ በእነዚያ ቀናት ስልካቸውን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጠው ይሠሩ ነበር፤ በጠራ ቁጥር ያዩታል፣ ደንበኛ ይሆናል። ተጎድተው ነበር። በዚያ ዓመት ካልተገናኙ የልጃቸው ፈቃድ መቼ እንደሚደገም አይታወቅም። ግን ንቅንቅ አላሉም። እንዲያውም ለነጭ ዕንቁ ሁለት ገጽ ማመልከቻ ጻፉ። "ጉዳዩ፦ ቤተሰብ መሆናችንን ስለማሳወቅ" ይላል። አንዱን መስመር እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ፦ "አመልካች ይህችን ልጅ ለማሳደግ ከማንም ፈቃድ ያልጠየቀች ስለሆነ፣ አብራት ለማደርም አትጠይቅም።" ቃል በቃል ተርጉሜ ላክሁት። ደንባችን አይፈቅድም፣ እናዝናለን የሚል መልስ መጣ። መልሱን በስተው ክላሰሩ ውስጥ አኖሩና ዘጉት።

በመሐሉ ካሚላ እሳቸው ሳይኖሩ መጣችብኝ። እናትና ልጅ በእሷ ምክንያት እንዳይቆራረጡ ፈርታለች፤ በራሷ ፈቃድ ሠራተኛ ብዬ እንድሞላላት ለመነችኝ። አልሞላሁም። በጨዋነት አይደለም፤ እትዬ ትርሓስን ፈርቼ ነው።

በዐሥራ አንደኛው ቀን አቶ አርአያ መጡ። ጡረተኛ ናቸው፤ ከሚስታቸው ፊት ብዙ አይናገሩም፣ ከሌላ ሰው ፊትም ያው ናቸው። ሰላም ካሉን በኋላ ለክብረት ደውልልኝ አሉኝ። ሲያነሳ ጤናውን ጠየቁት፣ ስለ ሙቀቱ ጠየቁት። ከዚያ እንዲህ አሉት።

"ረሻድ አደራ ያለኝ እጄን ይዞ ነው። አንተም አጠገቤ ቆመህ ነበር፤ ያን ጊዜ ልጅ አልነበርክም፣ ዐሥራ ሰባት ዓመትህ ነው። ያልሰማህ እንደሆነ ንገረኝና እኔ ልድገምልህ።"

ክብረት፣ ሰምቻለሁ አባዬ አለ። ቀጥሎም፣ የቀረው ሐምራ ደግሞ አሮጌ ነው፣ ክፍሎቹም መስኮት የላቸውም አለ። እትዬ ትርሓስ ስልኩን ተቀበሉ። መስኮት ቤቴም አለኝ፣ ባሕሩን ካሰኘኝ ደረጃ ወጥቼ አየዋለሁ አሉት። ሐምራ የቤተሰብ ክፍል ብሎ ነገር አያውቅም፤ ፊት ለፊት የሆኑ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች ሰጠን። ምግቡንም ወጥ ቤቱ ራሱ ጽፎ ጠየቀን፤ የማትበሉትን ዘርዝሩልኝ አለ። ቅጹ ዝምድናችሁ ምንድን ነው ይላል እንጂ ማስረጃ አይጠይቅም። ከካሚላ ስም ፊት "ልጅ" ብዬ የጻፍኩት እትዬ ትርሓስ ትከሻዬ ላይ ቆመው እያዩ ነው።

ሄደው መጡ። በተመለሱ ማግሥት ሥራቸው ላይ ነበሩ። ደንበኛው ሁሉ ስለ ባሕሩ ይጠይቃቸዋል፤ ውሃ ነው ይላሉ። እኔ ግን ያን ሁሉ ቅጽ የሞላሁ ሰው ነኝ፣ ውሃ ነው በሚል ብቻ አልሸኝም አልኳቸው። ያኔ ብዕራቸውን አስቀምጠው የበሩን ነገር ነገሩኝ።

መርከቡ በር ላይ አንድ ተቆጣጣሪ አራቱን ፓስፖርቶች ዘርግቶ ስሞቹን ደጋግሞ አየ። ከዚያ ዓይኑን ሻርፕ ወደ ለበሰችው ካሚላ አነሳና፣ እነዚህ አሠሪዎችሽ ናቸው ወይ ሲል ጠየቃት። እትዬ ትርሓስ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ካሚላ አንገቷን ስትደፋ አይተው ገባቸው። ያ ለነጭ ዕንቁ የጻፉት ማመልከቻ ከነትርጉሙ ቦርሳቸው ውስጥ ስለነበር እጃቸውን ከተቱ። ግን አላወጡትም፤ ክብረት ቀደማቸው።

"እህቴ ናት" አለ።

ተቆጣጣሪው ጣቱን አርአያ ከሚለው ላይ አንስቶ ረሻድ የሚለው ላይ አደረገ። ክብረት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ደገመለት። ሰውየው ፓስፖርቶቹን ሰብስቦ መለሰ። ክብረት እናቱንም አባቱንም አላስቀደመም፤ ካሚላን እጇን ይዞ መጀመሪያ እሷን አስገባት።