ሥዕሉ ላይ ያለችው የንጉሥ ልጅ አባባ ናቸው

"ይቺ እኮ እኔ ነኝ!" አሉ አባባ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ፣ ሥዕሉ ላይ የምታለቅሰውን የንጉሥ ልጅ በጣታቸው እያሳዩኝ።

ደነገጥኩ። አባባ ፖስታ ለመቀበል እንኳ ከረቫት ሳያስሩ በር የማይከፍቱ ሰው ናቸው።

ሥዕሉ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በአንድ የድሮ ተውኔት ውስጥ ንጉሡ ልጁን ከቤቱ ሲያባርራት ያሳያል። ለካ አባባ ደሴ ተማሪ ሳሉ ያንን ቴአትር በአማርኛ ሠርተውታል! ትምህርት ቤቱ የወንዶች ስለነበር ልጅቷን ሆነው የተጫወቱት እሳቸው ናቸው፤ ያውም በእህታቸው ቀሚስ።

"ኦፓ በቀሚስ?" አለች አብራን የመጣችው ልጄ፣ አያቷን በጀርመንኛ ጠርታ እየሳቀች።

እሳቸው ግን ትከሻቸውን ሰብስበው "አባቴ ሆይ፣ ከደጅህ ወጥቼ ወዴት እሄዳለሁ?" አሉ። ጥበቃው ሳይቀር ዞር ብሎ አየን። ከዚያ ዝም ብለው ቆሙ።

"ረሱት እንዴ አባባ?"

"የእኔን ጨርሻለሁ። ንጉሡ እስኪመልስልኝ ነው።"

ንጉሡን የተጫወተው የክፍል ጓደኛቸው ነበር። እሳቸው ሲሰደዱ እሱ እዚያው ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሰምተው አያውቁም።

እናንተስ ተማሪ ቤት ምን ሆናችሁ ተጫወታችሁ? ንጉሥ የነበረ ካለ ደግሞ እባካችሁ መልሱን ጻፉልኝ። አባባ ትራም ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው እየጠበቁ ነው።