ይድገሙ፣ የኔታ

የሞላሌው መሪጌታ ባስልዮስ በአንዲት ቃል ይታወቃሉ፦ «ድገም!» ጸናጽሉን ከከበሮው ያዘገየ ተማሪ ወዮለት። ድምፁ ቢያምር፣ የምሳ ሰዓት ቢያልፍ፣ መልሳቸው «ድገም!» ነው። ታዲያ እኚህ ሰው በሐምሌ ጭጋግ አንድ ጠዋት ሲነሡ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ሐኪም ቤት ስትሮክ ነው ተባለ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ እጃቸው ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለ።

ጭንቀታቸው አንድ ነበር፤ ለኅዳር ሚካኤል ንግሥ ጸናጽል ይይዛሉ ወይስ ዳር ተቀምጠው ያያሉ?

ተማሪዎቻቸው ደግሞ ያለ ልክ ሳሱላቸው። ያጎርሷቸዋል፣ በርኖሳቸውን ያለብሷቸዋል፤ ጸናጽሉንም አይተው እንዳያዝኑ ብለው ጓዳ ሰቀሉት። የኔታን ማድከም ነውር ነዋ! እጃቸው ይባስ ብሎ ሰነፈ።

ልትጠይቃቸው የመጣችው ነርስ ትሕትና ይህን አይታ ሳቀች።

«የኔታ፣ እጅዎ እኮ ጤነኛ ነው። የተጎዳው አንጎልዎ ነው። ትእዛዙ ከዚያ ተነሥቶ፣ በጀርባ አጥንትዎ ውስጥ ወርዶ፣ በነርቭ በኩል ጣትዎ ይደርስ ነበር፤ አሁን መንገዱ ተቋረጠ። ያልተጎዳው የአንጎል ክፍል ሌላ መንገድ የሚያወጣው ሲመላለሱበት ነው። እቺን አያዩም?»

ገና የምትድኸው የልጅ ልጃቸው ሰርካለም ማንኪያ ልትይዝ ትዘረጋለች፤ ትስታለች፤ መልሳ ትዘረጋለች።

«የሕፃን ነርቭም መንገዱን የሚያጸናው እንዲህ ነው» አለች ትሕትና።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

ባለቤታቸው ወይዘሮ አመተሥላሴ ቀደሟት። «ይድገሙ!»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ጸናጽሉ ከተሰቀለበት ወረደ። ሰርካለም ማንኪያ ታነሣለች፣ መሪጌታ ጸናጽል ያነሣሉ፤ ሁለቱም ይጥላሉ።

«ይድገሙ!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ደከመኝ እኮ!»

«ተማሪውም ይደክመው ነበር። ይድገሙ!»

መስከረም ሲጠባ ሰርካለም ቀደመቻቸው፤ ገንፎዋን ሳታፈስ አፏ አደረሰች። መሪጌታ በሕፃን መበለጣቸው አንገበገባቸው፤ በዚያው ንዴት ጸናጽሉን እስከ ትከሻቸው አነሡት።

የንግሡ ዕለት ማኅሌቱ መካከል ቆሙ። ከበሮው ተመታ፤ የእሳቸው ጸናጽል ዘገየ። ተማሪዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ማን ደፍሮ ይናገር?

መሪጌታ ቀና ብለው፣ «ባስልዮስ ዘግይቷል፤ ድገሙ!» አሉ።

ተማሪዎቹ ሳቃቸውን እየዋጡ ደገሙ። አሁንም ዘገዩ፤ አሁንም ተደገመ። ከዚያ ጸናጽሉ ከከበሮው ጋር እኩል አረፈ፤ ከሴቶቹ በኩል የወይዘሮ አመተሥላሴ እልልታ ከሁሉ ቀድሞ ተሰማ።