ለውሃ ማሽኑ የተደረደሩት ኩባያዎች

ያገባሁበት ቤት ፍኖተ ሰላም ነው፤ ግቢው የራሱ ጉድጓድ አለው። ውሃው ሲያዩት ኩልል ያለ ነው፤ ጠጣርነቱ ግን አይጣል! ሳሙና አረፋ አይሰጥበትም፣ ማንቆርቆሪያውን በነጭ ቅርፊት ይለብጠዋል፣ የሻወር ማሞቂያውንም አቃጥሎት ያውቃል። አዲስ አበባ ያለው የባሌ ወንድም ይህን ሰምቶ የውሃ ማለስለሻ ማሽን ላከልን። ማሽኑ ጨው ይበላል፣ ውሃውን ያለሰልሳል፣ ሲደክመው ደግሞ በጨው ውሃ ራሱን ያጥባል። መጀመሪያ ቁልፎቹን የነካካሁት እኔ ስለነበርኩ የእኔ ሆኖ ቀረ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባል፤ የባሌ እህቶችም "ነይ፣ ያ ሁለተኛው ባልሽ ታሟል" እያሉ ይጠሩኛል። መጀመሪያ ሰሞን እስቅ ነበር፤ በኋላ ግን ሳቁም አለቀብኝ።

አርግዤ ሰባተኛ ወር ውስጥ ስገባ ልቤ መንገድ ጀመረ። በእኛ አገር የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። እናቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠር ነው የምትኖረው፤ የገንፎውን ገብስ አዘጋጅታ፣ ማሩን አስቀምጣ ትጠብቀኛለች። እኔም የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ ወገቤን እያሸችኝ፣ እንዳሻኝ እየጮህኩ፣ እሷ ቤት መውለድ።

አማቴን ፈቃድ ስጠይቃቸው እሺም እምቢም አላሉኝም።

"ሆስፒታሉ አፍንጫችን ሥር ነው፤ መንገዱም አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ነው" አሉና፣ ትንሽ ቆይተው "ደግሞስ ያንን ማሽን ማን ሊይዘው ነው?" ሲሉ ጨመሩ።

ማሽን! ጡት የሚጠባ ጥጃ ይመስል ትቼው የማልሄደው ማሽን! በንዴት ጆሮዬ ጋለ። ግን ተናግሬ ምን ላተርፍ? "እሺ እማማ" ብዬ ወጣሁና፣ ጓሮ ቆሜ በልቤ ማልኩ፤ ማንም ሳይነካው እንዲሠራ አድርጌው እሄዳለሁ።

ማሽኑን የተከሉት ሰዎች ውሃ ብንጠቀምም ባንጠቀምም በየቀኑ ራሱን እንዲያጥብ አድርገውት ነበር። ጨው በጆንያ ቢያመጡለት አይበቃውም። የሚተፋው የጨው ውሃም በቱቦ ጓሮ እየወረደ የአማቴን ጌሾ አድርቆታል። "አበስኩ ገበርኩ! ጌሾዬን ፈጀው እኮ" እያሉ ጠዋት ጠዋት የሚያዝኑት ለእሱ ነበር። እንግዲህ ሆዴን ይዤ ማሽኑ ሥር ተንበረከክሁ። ከካርቶኑ ጋር የመጣውን የመመርመሪያ ወረቀት ውሃው ውስጥ ነክሬ ቀለሙን ሳመሳክር፣ የእኛ ውሃ ጠጣርነቱ እነሱ ከሞሉት ቁጥር በጣም ያነሰ ሆኖ አገኘሁት፤ ቁጥሩን አወረድኩት። ከዚያ በየቀኑ መታጠቡን አስትቼ፣ የተጠቀምነውን ውሃ እየለካ ሲያስፈልገው ብቻ፣ ያውም ሰው በተኛበት ሰዓት እንዲታጠብ አደረግኩት። የሚበላውንም ጨው ቀነስኩበት። ከሰዓት ሠሪ ትንሽ ባትሪ ገዝቼ ስከትበት፣ መብራት ቢሄድም ሰዓቱን መርሳት ተወ። ከዚያ በኋላ ጨው ጎደለ ያለኝ ሰው የለም፤ ጌሾውም ከሥሩ ማቆጥቆጥ ጀመረ። እሰይ፣ ሄድኩ በቃ አልኩ።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ማሽኑ የቤቱን ሰው ብዛት ይጠይቃል፤ ለነገ ምን ያህል ውሃ አለስልሶ ማቆየት እንዳለበት የሚያውቀው በዚያ ነው። ድምፄን አውጥቼ "አባባ አንድ፣ እማማ ሁለት" ማለት ስጀምር አማቴ ክንዴን ያዙኝ።

"ኧረ በሥላሴ! ሰው ይቆጠራል? ከብት እንኳ አይቆጠርም!"

በረንዳው ላይ የተቀመጡት የባሌ አባት ይህን ሰምተው ፈገግ አሉ። "እውነቷን ነው፤ ሰው አይቆጠርም። ኩባያ ግን ይቆጠራል። በይ ኩባያችንን አምጪልኝ" አሉኝ።

ብልሃታቸው ደስ አለኝ። በዚያ ቤት ሁሉም የየራሱ ኩባያ አለው። የእሳቸውን፣ የአማቴን፣ የባሌንና የሁለቱን እህቶቹን አምጥቼ በረንዳው ጠርዝ ላይ ደረደርኩ። የራሴን አውቄ ወጥ ቤት ተውኩት።

የተደረደረውን አይተው "ያንቺስ?" አሉ።

"እኔማ አባባ፣ ለጊዜው እናቴ ዘንድ ስለምሆን..."

"አምጪው ልጄ።"

ድምፃቸው ክፉ አልነበረም፤ ያቃጠለኝም ይኸው ነው። አመጣሁት። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ተነሥተው ገቡና፣ አንዲት ትንሽ ስኒ ይዘው ወጥተው ከኩባያዬ አጠገብ አስቀመጧት።

"ይችንም ጨምሪ። ሕፃን ውሃ ያበዛል።"

አትሄጂም ያለኝ ሰው የለም። የተቆጣኝም የለም። ነገሩ ግን አለቀ፤ የምወልደው እዚያ ነው፣ የምታረሰውም እዚያ። ባሌ በሩ ላይ ቆሟል። "አንተስ ምን ትላለህ?" አልኩት፣ አባቱ ፊት።

"አባባ ካሉ እንግዲህ..." አለ።

ቁልፉን ሰባት እስኪል ድረስ ተጫንኩት። ራሴንና ያልተወለደ ልጄን በገዛ ጣቴ እዚያ ቤት ውስጥ አስገባሁ። ማታ ትራሴን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ ባሌ የተኛ መሰለ።

ማሽኑ አደራውን ጠበቀ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም፣ ማንም ስሙን አንሥቶ "ማን ይይዘዋል" ያለም የለም። ምክንያቱ ሆስፒታሉ ሆነ፤ ቀጥሎ መንገዱ፣ ቀጥሎ ዝናቡ። ሴት ልጅ ወለድኩ። እናቴ ያየቻት በክርስትናዋ ዕለት፣ ከጎረቤቶቿ ጋር ሚኒባስ ተኮናትራ መጥታ ነው። የልጇ አማቶች ቤት ነውና ጋቢዋን ሳታወልቅ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ልጅቱ ከክርስትና እናቷ ወደ አማቴ፣ ከአማቴ ወደ እንግዶቹ ስትዞር እናቴ ጋ ሳትደርስ መሄጃ ሰዓት ሆነ፤ መንገዱ ሳይዘጋ መግባት አለባቸው።

"እጄን ልታጠብና ልቀፋት" ብላ ወደ ቧንቧው ሄደች። እኔም ልጄን ይዤ አጠገቧ ቆምኩ። ሳሙናውን አሸች፣ ተለቀለቀች፣ ደግማ ተለቀለቀች። ለስላሳ ውሃ እጅ ላይ ያሟልጫል፤ ላልለመደው ሳሙናው ያልለቀቀ ይመስለዋል። ውጭ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል።

"እማዬ በቃሽ፤ ለቋል።"

"ኧረ አልለቀቀኝም፤ ሕፃን በሳሙና እጅ ልነካ ነው? ምን ያለ ውሃ ነው? ማን ነው እንዲህ ያደረገው?"

"እኔ ነኝ እማዬ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እጇን በጋቢዋ ጠርጋ ልጄን ተቀበለችኝ፣ አንገቷ ሥር ሳመቻት፣ ሾፌሩም በስሟ ጠራት። ሚኒባሱ ውስጥ ስትገባ እጇን ገና እያሻሸች ነበር።