ከሚኒባሱ ጣራ የወረደው ድምፅ

አዋላጅ ነርሷ ሙሀባ ከሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ከመሳፈሯ በፊት ላፕቶፗን ትከፍትና ዋይፋዩንና ብሉቱዙን ታጠፋለች። አጥፍታም መልሳ ታያለች። ሾፌሩ ኢልያስ ቀልድ የማያልፈው ሰው ነው፤ በዚህ ግን አይቀልድባትም። እኔም ያን ቀን ከኋላዋ ተቀምጬ ስለነበር ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስሞቹን ሁሉ ለውጫለሁ፤ ምክንያቱ ይገባችኋል።

ሙሀባ የአጣዬ ልጅ ናት። የቆላው ፀሐይ ሲበረታ ከምትሠራበት የሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ጓሮ፣ ኒም ዛፍ ጥላ ስር እናቶችን ታነጋግራለች። ለማስተርስ ጥናቷ አስፈቅዳ ድምፃቸውን ትቀዳለች። ስማቸውን አትጠራም። "ከኔ ጆሮ አያልፍም" ትላቸዋለች፤ እነሱም ለእናታቸው ያልነገሩትን ይነግሯታል።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የኢልያስ ፍላሽ ተበላሸና ተሳፋሪው "ያለ መንዙማ መንገድ አለ እንዴ?" ብሎ አጉረመረመ። ሙሀባ ላፕቶፗን በብሉቱዝ ከመኪናው የጣራ ስፒከር ጋር አገናኝታ መንዙማ አሰማችን። ሁሉም መረቃት፣ ሁሉም ረሳው። ላፕቶፑና ስፒከሩ ግን አልተረሳሱም።

ያን ቀን ወደ ደብረ ሲና ስንወጣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ላፕቶፗ ላይ ከእናቶቹ ቅጂ አንዱን ከፈተች። ኢልያስ ቴፑን ያበራው በዚያው ቅጽበት ነው። ጆሮዋ ውስጥ ምንም አልተሰማም። ድምፁን ጨመረች። አሁንም ምንም። ጨመረች።

ከጣራው የሴት ድምፅ ወረደብን።

"ባለፈው ስወልድ ሞቼ ነው የተረፍኩት። ባሌ ድገሚ ይለኛል። ክኒኑን ከማሽላው ጆንያ ስር..."

ስም አልተጠራም፤ ግን ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት አገር ድምፅ ራሱ ስም ነው። አንዱ ጎረምሳ "ቆይ፣ ይቺን አውቃታለሁ" ብሎ አንገቱን አሰገገ። ሙሀባ ማጥፊያውን ቁልፍ ፈልጋ አጣችው።

ከፊት ወንበር የተቀመጡት እትዬ ሰሊማ እጃቸውን ወደ ላይ ወረወሩ።

"ሶለዋት አውርዱ!"

ለነቢዩ ሶለዋት ተብሎ ዝም የሚል የለም። መኪናው ሙሉ ተቀበለ።

"አልሰማሁም! ድገሙ!"

ተደገመ፤ ክርስቲያኑ ሳይቀር አጨበጨበ። ያ ሁሉ ጉሮሮ የዚያችን ሴት ድምፅ ዋጠው። ሙሀባ ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

"እትዬ፣ ምን ነካዎት?" አለ ኢልያስ።

"ገደሉን አታይም? የአንተ አነዳድ ዱዓ ያስፈልገዋል!"

ተሳፋሪው በሳቅ ፈረሰ። ጎረምሳው የጠየቀውን ረሳ።

ደብረ ሲና ወርደን ጉሙ ውስጥ ቆምን። ሙሀባ እያለቀሰች የአሮጊቷን ዘንቢል ያዘችላቸው።

"እትዬ፣ አላህ ይስጥልኝ። ያቺን ምስኪን አተረፉልኝ።"

እትዬ ሰሊማ ሻርፓቸውን ሰብሰብ አደረጉ። እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል፣ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም።

"ጆንያው ያለው እኔ ጓዳ ነው፣ ልጄ። ባሏ የኔ ልጅ ነው።"

ሙሀባ ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠች።

"መስማቴን እንዳትነግሪያት፣ ታፍረኛለች። ከእንግዲህ ማሽላ የምቀዳው እኔ ብቻ ነኝ።"