እትዬ ደረጃውን የወጣች ቀን

ታላቅ እህቴ እኔ በምሠራበት የልብስ ስፌት ፋብሪካ ዋና ምግብ አብሳይ ናት። በየቀኑ ለሦስት መቶ ሃምሳ ሰው ምሳ ታበስላለች፤ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዱንም ሲበላ አይታ አታውቅም ነበር። ወጥ ቤቱ ምድር ቤት ነው፣ መመገቢያ አዳራሹ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ። ምግቡ የሚወጣው ግድግዳው ውስጥ በተሠራች፣ ከቁም ሳጥን በማትበልጥ የዕቃ ሊፍት ነው። ድስቱ ይገባል፣ ቁልፉ ይጫናል፣ ላይ ደወል ይጮሃል፣ አለቀ። ሰው ግን የሚወጣው በእግሩ ነው። ሃምሳ አራት ደረጃ።

እትዬ (እኔ እንዲህ ነው የምጠራት) በተቀጠረች በመጀመሪያው ሳምንት ልትወጣ ሞክራ ነበር። አሥራ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ትንፋሿ ተቆራረጠ፣ ጉልበቷ ከዳት፣ እዚያው ቁጭ አለች። ከዚያ ቀስ ብላ ወረደችና ለጠየቃት ሁሉ «ሥራዬ ከታች ነው፣ ላይ ምን አለኝ?» ማለት ጀመረች። ያን ጊዜ መቶ ሃያ ኪሎ ነበረች። በዘጠነኛው ዓመት መቶ አርባ ሦስት ገብታለች። ከቢሮ የተጣለ ባለ ጎማ ወንበር አግኝታ ከምድጃ ምድጃ እየተንሸራተተች ነበር የምትሠራው። አዳራሹን የምታውቀው በእኔ ወሬና ተመልሶ በሚወርደው ሳህን ነው። ሳህን እያገላበጠች «ካሮቱን ትተውታል፣ ዛሬ ጠንክሮባቸዋል» ትላለች። እኔ ሁለተኛ ፎቅ የሸሚዝ ኮሌታ እሰፋለሁ፤ ማታ ማታ «ምን አሉ? ማን ደገመ?» ብላ ታፋጥጠኛለች።

ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። ሃያ ኪሎ ቀንሳ ሃያ አምስት የጨመረችበት ጊዜ አለ። ስኳር ያዛት፣ ተኝታ ትንፋሿ ቀጥ ማለት ጀመረ፣ ጉልበቷማ ተዉት። በመጨረሻ የጉልበት ሐኪሟ ቁርጡን ነገራት። «ይሄን ክብደት ተሸክመሽ ጉልበትሽን ብጠግነው ለወራት ነው። መጀመሪያ ወደ ጨጓራ ሐኪም ሂጂ።»

ቤተሰቡን ሰብስባ ስትነግረን ባሏ ሻይው አፉ ላይ ቀረ። ጎሚስታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲጠግን ይውላል፣ ከአፉ ቃል የሚወጣው በወር አንዴ ነው።

«ሆድሽን ሊቀዱት ነው?»

«ሆዴን አይደለም፣ ጨጓራዬን ነው የሚያሳንሱት። ሙዝ ታክላለች ብለውኛል።»

ትንሽ አሰበና «እስከ ዛሬ ሆደ ሰፊ ሆነሽ ነው የቻልሽኝ። እንግዲህ ከጠበበ በምንሽ ልትችዪኝ ነው?» አላት። ፍርሃታችን ሁሉ በሳቅ ወጣ። እትዬ እንባዋ እስኪፈስ ስቃ ሲያበቃ ግን እጄን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ያለ ችግር አለቀ። ሆዷ ላይ ጣት የማያህሉ አምስት ቀዳዳዎች ብቻ። እኔ ለሳምንት ትተኛለች ብዬ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት ግን አንዲት ፈርጣማ ነርስ መጥታ ብርድ ልብሱን ገለጠችው።

«ተነሺ እትዬ፣ እንራመድ።»

«ትናንት እኮ ነው የተቀደድኩት!»

«እግርሽን አይደለም የቀደድነው።»

እየተነጫነጨች ኮሪደሩን ሁለቴ ተመላለሰች። በሦስተኛው ነርሷን «ነይ እንጂ፣ ምን ትጎተቻለሽ?» ማለት ጀመረች። እትዬ እንዲህ ናት።

የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ቤቷ ከረምኩ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግቧ ፈሳሽ ብቻ ነበር፣ እሱም የሽሮፕ መለኪያ በምታህል ኩባያ። አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጇ የስልኳን ደወል በየሩብ ሰዓቱ ሞልታ እንደ ወታደር አዛዥ ትቆማለች። «እማዬ፣ ፉት! አንዴ ብቻ! አትቸኩዪ!» ሾርባውን የማፈላው እኔ፣ ከአልጋዋ ሆና የምታዝዘው እሷ።

«ይሄ ሾርባ ነው ወይስ የድስት እጣቢ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ወፍራም አይፈቀድም አሉ።»

«ቀጭን ይሁን እንጂ ነፍስ ይኑረው! ሽንኩርቱን ቀቅለሽ አውጪው፣ ጣዕሙን ይተው። አጥንቱን ቀስ ብለሽ በትንሽ እሳት...» ሦስት ጉንጭ ለማትሞላ ሾርባ ግማሽ ቀን ምድጃ ሥር ገተረችኝ። ስትቀምሰው ግን ዓይኗን ጨፍና «አሁን ገና አንጀቴ ራሰ» አለች።

ፈሳሹ አልፎ የተፈጨው መጣ፤ እንደ ሕፃን በሻይ ማንኪያ። በአምስተኛው ሳምንት እንቁላል ተፈቀደ። ልጇ ሰዓት ያዘች፣ እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እያንዳንዷን ቁራሽ ሃያ ሰላሳ ጊዜ እያኘከች፣ መሃል ላይ ሹካዋን እያስቀመጠች፣ ግማሽ እንቁላል በሃያ አምስት ደቂቃ ጨረሰች። ቆመች። ጠበቅን። አላቅለሸለሻትም፣ አልከበዳትም። ስልኳን አንስታ ባሏ ጋ ደወለች።

«እንቁላል በላሁ!»

የጎማ መንፊያው ጩኸት ይሰማል። «ምን ሆንሽ?»

«እንቁላል! ግማሽ! ሙልጭ አድርጌ!»

ያ ዝምተኛ ሰውዬ «ሚስቴ እንቁላል በላች!» ብሎ ሲጮህ ሰማነው። ጎማ ከሚያስጠግኑት አንዱ «እስከ ዛሬ ምን ትበላ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅም ተሰማ። ልጇና እኔ ወለሉ ላይ ተንከባለልን፤ እትዬ ግን በሁለት እጇ ሆዷን ደግፋ «አታስቁኝ፣ ቁስሌ! አታስቁኝ!» እያለች ትለምናለች።

በሰባተኛው ሳምንት ሥራ ገባች። ሐኪሞቹ ስለ መራመድ፣ ከምግብ ጋር ውኃ ስላለመጠጣት፣ ዕድሜ ልኳን ስለምትውጠው ቫይታሚን ነግረዋታል። አንድ ነገር ግን ማንም አላሰበበትም። አብሳይ ቀኑን ሙሉ ቀማሽ ነው። ከዚህ ድስት ማንኪያ፣ ከዚያ ድስት ማንኪያ። ለእሷ ያ መብላት ሆኖ ተቆጥሮ አያውቅም። በሁለተኛው ቀን በወተትና በስኳር የተቀቀለ ሩዝ ስትሠራ ሦስት ማንኪያ ቀመሰች። አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ ልቧ ይደልቅ ጀመር፣ ላብ አጠመቃት፣ እጇ ተንቀጠቀጠ። ዱቄት ጆንያው ላይ አስተኟት። ምክትሏ በድስት ክዳን እያራገበ «ጉዴ ፈላ! እትዬ ልትሞትብኝ ነው!» እያለ ከእሷ ይልቅ እሱ ሊሞት ደረሰ።

ይህ ምክትል ጎልማሳ፣ ቅን ሰው ነው። ጨው አበዛዙ ለጉድ ስለሆነ ፋብሪካው በሙሉ «ባሕር» ይለዋል።

ግማሽ ሰዓት ተኝታ ተሻላት። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ጋ ስንሄድ ሴትየዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «እትዬ፣ የቀመስሽው ሁሉ የበላሽው ነው። ስኳር ደግሞ አሁን አንጀትሽ ውስጥ በሩጫ ነው የሚገባው፣ ለዚህ ነው ያንቀጠቀጠሽ። ወይ ቀምሰሽ ትፊዋለሽ፣ ወይ የሌላ ሰው ምላስ ትዋሻለሽ።»

መትፋቱን አልቻለችውም፤ ምግብ ስትተፋ ሰው ካያት ትሞታለች። ስለዚህ የባሕርን ምላስ ተዋሰች። ጠዋት ጠዋት አጠገቧ ታቆመውና «አትዋጥ! መጀመሪያ ምላስህ ጫፍ ላይ ምን አለ? ጎንና ጎኑ ላይስ? አሁን ዋጠው፤ ጉሮሮህ ምን አለህ?» ትለዋለች። እሱም እንደ ተማሪ ይመልሳል። እሷ ራሷ በአፍንጫዋ መሥራት ተማረች። ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች፣ ማንኪያውን ታዘነብላለች፣ አወራረዱን ታያለች። በሦስት ወር ተኩል ውስጥ ሠላሳ አራት ኪሎ ቀንሳ፣ ባለ ጎማው ወንበር ላይ ሽንኩርት መከመር ጀምረው ነበር።

አንድ ማክሰኞ የምስር ሾርባ ሠሩ። ባሕር ቀመሰና «ጨው ያንሰዋል» አለ።

እትዬ አሸተተች። «ልኩ ነው።»

«ያንሰዋል እትዬ።»

«አንተ ባሕሩንም ጨው ያንሰዋል የምትል ሰው ነህ! ላከው።»

ድስቱ ወጣ። ባሕር ግን አኮረፈ። እጁን እያበሰ «ሰዎቹን ሄደን ብንጠይቅ ማን ልክ እንደሆነ ይታወቅ ነበር» አለ። እንዲሁ ለማለት ያህል ነበር ያለው። እትዬ ግን ሽርጧን ፈታች።

«እንሂድ።»

«የት?»

«ላይ።»

የሆነውን ባሕር ነው የነገረኝ። ከኋላዋ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ የሚወድቅ ቁም ሳጥን ለመደገፍ እንደተዘጋጀ ሰው ተከተላት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትቆጥራለች። አሥራ ሁለትን እንደ ዋዛ አለፈችው። አሥራ ስምንት ላይ ግድግዳ ይዛ ቆመች፣ ቀጠለች። ሠላሳ ስድስት ላይ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ደነገጠና «እንመለስ እትዬ» አላት። እሷ ግን ዞራ ፊቷ እያበራ «ትንፋሼ አለ! ባሕር፣ ትንፋሼ እኮ አልቆመም!» አለችው። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን «ሃምሳ ሁለት! ሃምሳ ሦስት! ሃምሳ አራት!» ብላ ጮኸቻቸው።

እኔ በዚያን ሰዓት ከሥራ ጓደኞቼ ጋር መስኮቱ አጠገብ ምሳዬን እየበላሁ ነበር። በሩ ላይ ነጭ ካፖርት የለበሰች፣ ላብ ያጠመቃት ሴት ቆማለች። ቀና ብዬ አይቼ ወደ ሳህኔ ተመለስኩ። እንደገና ቀና አልኩ። እትዬ ናት! እዚያ ሆና አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ታየዋለች። ረጃጅሞቹን ጠረጴዛዎች፣ በሁለት በኩል የሚገባውን ብርሃን፣ ሦስት መቶ የሚያኝክ አፍ። አላወቋትም፤ ከየት ያውቋታል? አንዲት ቁልፍ ሰፊ «እትዬ፣ ወረፋ ያዢ እንጂ!» አለቻት።

እሷም ወረፋ ያዘች! ትሪ አንስታ፣ ተራዋን ጠብቃ፣ የራሷን ሾርባ ተቀበለች። ከዚያ ከፊቷ የነበረውን የካውያ ክፍል ሠራተኛ ተጠጋችና «ወንድሜ፣ ጨው እንዴት ነው?» አለችው።

ቀመሰ። «ትንሽ ያንሰዋል። ለእኛ ሁልጊዜም ያንሰናል። እንፋሎቱ ሥር ስንውል ጨዋችን ሁሉ በላብ ነው የሚወጣው። ሌላው ሰው ግን ደስ ይለዋል፤ ሾርባው ሾርባ ነው።»

ባሕር ከኋላዋ «አላልኩም?» ብሎ ዘለለ። እሷም እንደ ተሸናፊ ማኩረፏ ቀርቶ በሳቅ ፈነዳች። ያን ጊዜ ነው እኔ ወንበሬን ገልብጬ «እትዬ!» ብዬ የጮኽኩት። ሰው ሁሉ ዞረ። «እህቴ ናት! ዘጠኝ ዓመት ያበላችን እሷ ናት!»

ከዚያ አንዱ ማንኪያውን ጠረጴዛ ላይ መታ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ አዳራሹ በሙሉ ማንኪያ በማንኪያ ሆነ። ይጮሃሉ፣ ይስቃሉ፣ «ካሮቱን አሳንሺልን!» የሚልም አለ። እትዬ አፏን በመዳፏ ይዛ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ሁለቱም አንድ ላይ። እኛ ጠረጴዛ አስቀመጥናት። ስድስት ማንኪያ በላችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። አጠገቤ የተቀመጠችው ባልደረባዬ «ብዪ እንጂ፣ በእኔ ሞት!» ብላ ብትይዛት «እህቴ፣ አንቺም አትሙቺ እኔም ጠግቤያለሁ» አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠረጴዛው ጨው ይቀመጣል።

ሁሉም ነገር እንዲህ ደስታ ብቻ ነበር ብል ውሸት ነው። በአምስተኛው ወር ፀጉሯ በማበጠሪያ ሙሉ ይወጣ ጀመር፤ ያን ጊዜ ተደብቃ አልቅሳለች። ሐኪሟ «ይመለሳል፣ ፕሮቲንሽን አትርሺ» ብላ አጽናናቻት፣ እውነትም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ «ምን በሽታ ያዛት?» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። እትዬ አንድ ቀን መንገድ መሃል ቆማ «አላመመኝም! በገዛ ፈቃዴ ተቀድጄ ነው! መጠየቅ የፈለገ ፊት ለፊት ይምጣ!» ብላ ጮኸች። ሁለት ሴቶች በእውነት መጡ፤ አንዷ አሁን ቀጠሮ ይዛለች።

ከቀዶ ሕክምናው ዓመት ከሁለት ወር ሆናት። ሰማንያ ስምንት ኪሎ ናት፣ የስኳር መድኃኒቷን ሐኪሟ አቁማላታለች፣ ጉልበቷ አልፎ አልፎ ይቆጠቁጣታል። አብዝታ ከበላች ጨጓራዋ ወዲያው ይነግራታል፤ ክንዷ ላይ የተንጠለጠለው ቆዳም ያናድዳታል። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሽርጧን ፈትታ ትወጣለች፣ በየቀኑ ሌላ ጠረጴዛ ትመርጣለች።

ከሦስት ሳምንት ወዲህ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ በፋብሪካው ግቢ የሴቶች መረብ ኳስ ጀምረናል። እትዬ አንደኛ ተመዝጋቢ ናት፣ በችሎታ ግን የመጨረሻዋ። የመጀመሪያው ምቷ ጥበቃው ቤት ጣሪያ ላይ አረፈ፣ ሁለተኛው ዳር ቆሞ ሲያይ የነበረውን ባሕርን ጆሮው ላይ አገኘው። ትናንት በተቃራኒ ቡድን ነበርን። በመጨረሻዋ ነጥብ ኳሱን ባለ በሌለ ኃይሏ መታችው፤ መስመሩ አጠገብ አቧራ አስነሥቶ ወጣ።

«ወጥቷል!» አልኩ።

«ነክቷል!» ብላ መረቡን በእጇ ከፍ አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ አልፋ ወደ እኛ ሜዳ ገባች። «መስመሩን ነክቷል! አቧራው ይመስክር! ነይ እዪ!»

«እትዬ፣ ወጥቷል እኮ።»

«እንግዲያውስ እንደገና እንጫወት!» አለች ኳሱን ብብቷ ሥር ወሽቃ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ። «ማንም ቤቱ አይሄድም! እኔ ገና አልደከመኝም!»