የጫማ ሰፊው የጥርስ ሕመም

የእኛ ጫማ ሰፊ ጥርሱን የሚያመው በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው። ቀኗንም ስቷት አያውቅም፤ የሁለቱ ሰማዕታት ወንድማማቾች፣ የቅዱስ ክሪስፒኖና የቅዱስ ክሪስፒኒያኖ በዓል ጠዋት ነች። በቁምስናችን ደንብ የአንድ ሙያ ጠባቂ ቅዱስ ሲከበር ገድሉን ከቅዳሴ በፊት የሚያነበው የሙያው ሰው ነው። የእነዚህ ሰማዕታት ሙያ ጫማ መስፋት ነበር፤ ጫማ ሰፊ ደግሞ ከእሱ ሌላ የለንም። አባቱ አርባ ዓመት ሙሉ አፋቸውን ሞልተው ሲያነቡ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ተራውን ለልጃቸው ለቀቁ። ልጅየው ግን ተብታባ ነው። ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ በበዓሉ ጠዋት ጉንጩን በሻሽ ጠምጥሞ ይመጣል፣ ቆሞሱም ያነቡለታል።

ቅዱሳኑንስ ይወዳቸዋል። ቀን ሲሰብኩ ውለው ማታ ጫማ ይሰፉ፣ ለድሃም በነጻ ይሰጡ እንደነበር ገና በልጅነቱ ከአባቱ ሰምቷል። እሱም የቸገራት ሴት ያለቀ ተረከዝ ይዛ መጥታ ስንት ነው ስትለው፣ ሚስማሩን አፉ ውስጥ ጎርሶ ያጎነብሳል። መልስ የለም፣ ሂሳብም የለም።

ዘንድሮ ግን ጉድ ፈላ። በዓሉ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጥርሱን የምር አመመውና ተነቀለ። ሚስቱ የተነቀለውን ጥርስ በወረቀት ጠቅልላ ከመዶሻው አጠገብ አስቀመጠችለት።

«እንግዲህ ምክንያትህን ነቅለውልሃል» አለችው።

ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። አባቱ ከአልጋ የሚነሱት በሰው ድጋፍ ነው፤ ለመጣ ለሄደው ሁሉ አንዴ በልጄ አፍ ልስማውና ልሂድ ይላሉ። ለከርሞ ማለት ዘንድሮ አይሠራም።

ገድሉን ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጠፈና እየሠራ ያነብ ጀመር። መጀመሪያ የነቃችው ሚስቱ ነች። ለካ መዶሻው እየመታ ምላሱ አይያዝም! ቋ ሲል አንድ ቃል፣ ቋ ሲል ሌላ ቃል፤ መዶሻውን ሲያስቀምጥ ያው የድሮው ተብታባ። በዋዜማው ከዳር እስከ ዳር ተወጣውና የልብ ልብ ተሰማው።

በበዓሉ ጠዋት አባቱን ደግፎ የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠና አትሮንሱ ጋ ቆመ። እዚያ መዶሻ የለም። የዋህ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይሄ ትዝ አላለውም።

«ክ... ክ... ክ...» አለ።

የቅዱሱ ስም ራሱ አልወጣ አለው። ላቡ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ፤ ከኋላ አንዱ ባለጌ ሳቀ። ሽማግሌው አባቱ አንገታቸውን ደፉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ያኔ ሚስቱ በተረከዟ ወለሉን መታች። ቋ። ደገመችው። በአራት ሚስማር የመታው የገዛ እጁ ሥራ ነውና ድምፁን ለየው። ቀና አለ።

«ክሪስፒኖ» አለ። ቋ። «እና ክሪስፒኒያኖ።» ቋ። «ወንድማማቾች ነበሩ።»

አጠገቧ ያለችው አስተማሪ መምታት ጀመረች፤ ከዚያ ሾፌሩ፣ ከዚያ የሳቀው ራሱ። እዚያ ቤት ውስጥ በእሱ እጅ ያላለፈ ተረከዝ ከየት ይመጣል? ወለሉ በአንድ ምት ተንቀጠቀጠ። እሱም ምን ይዞት! ስደታቸውን፣ ሥራቸውን፣ እስከ ሞት መጽናታቸውን ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ መጨረሻዋ ቃል አነበበው። አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። ቆሞሱ እንኳ ከመንበሩ አጠገብ ቆመው በጫማቸው ሲመቱ ታይተዋል።

ወርዶ ከአባቱ ጎን ሲቀመጥ ሽማግሌው እጁን ፈልገው ያዙት።

«እኔ አርባ ዓመት ያነበብኩት ብቻዬን ነው» አሉት። «አንተ ግን ከሰው ሁሉ ጋር አነበብክ።»

ጫማ ሰፊው ጉንጩን ይዞ አለቀሰ። የዚያን ቀን ግን ጥርሱን አሞት አልነበረም።